ዝም ያሉት የኋላ ጎማዎች

«ጓንትሽን አውልቂና ዳብሺው» አለ ሲክስተን፣ የፊተኛውን ጎማ ጥርስ በጣቱ እያሳየ። «እሺ። አሁን ደግሞ የኋላውን። ልዩነት አለው?»

ማሪት ጎንበስ ብላ ዳበሰች። «ለእኔ አንድ ነው።»

«እሱን ነው የምልሽ! አራቱም እኩል ናቸው። እንዲህ ዓይነት መኪና ስትገዢ መጀመሪያ የምታዪው ቀለሙን አይደለም፣ የቆዳ ወንበሩንም አይደለም። ጎማውን ነው።»

«ጀመረው ኢንጂነሩ» አለች ኤምብላ ከእናቷ ኋላ ቆማ። «እማ፣ ስለ ካምቢዮ ዘይት ከጠየቅሽው እራታችንን እዚሁ ነው የምንበላው።»

ሜልከር የቤቱ ደረጃ ላይ እንደተደገፈ ከት ብሎ ሳቀ። ሜልከር የሲክስተን ታላቅ ወንድም ነው፤ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሲስቅ አብሮት የማይስቅ ሰው የለም። መኪናዋ የእሱ ናት። አባታቸው ሌላ ትዳር ይዞ ወደ ደቡብ ሲሄድ ለበኩር ልጁ የተወለት እሷን ነበር። ጥቁር አረንጓዴ፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ወንበሯ የሚሞቅ፣ በደህናው ዘመን ሀብታም ብቻ የሚነዳት ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ናት። አሁን አርጅታለች፣ ግን ኩራቷ አልጠፋም።

«ተዪው ይናገር እንጂ» አላት ሜልከር ኤምብላን። «ከእኔ በላይ የሚያውቃት እሱ ነው።»

የሲክስተን ጆሮ ጋለ። ወንድሙ በሰው ፊት ሲያሞግሰው ደስታውን የሚደብቅበት ቦታ ያጣል። ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ።

«በደህና መንገድ ላይ የሚጎትቱሽ የፊቶቹ ናቸው» አላት ማሪትን። «የፊቶቹ ሲንሸራተቱ ግን ከሥር፣ ከኋላ በኩል፣ አንድ ማያያዣ አለ። ውስጡ ስስ ስስ ሳህኖች ተደርድረዋል። እነሱ ጥብቅ ይሉና ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች ያደርሳሉ። አንቺ ምንም አትነኪም፣ ራሷ ታውቃለች። ጎማዎቹ እኩል ካልሆኑ ግን... ያለቀ ጎማ ከአዲሱ ትንሽ ያንሳል አይደል? ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይሽከረከራል። ማያያዣው ደግሞ ጎማ የተንሸራተተ ይመስለዋል። ቀኑን ሙሉ ሲይዝ ሲለቅ፣ ሲይዝ ሲለቅ ይውልና በመጨረሻ ይቃጠላል።»

«እግራቸው አንድ ላይ ታስሮ እንደሚሮጡ ልጆች» አለች ኤምብላ። «አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር።»

«አዎ! ልክ እንደዛ!»

«አየሽ እማ? እኔም ኢንጂነር ነኝ።»

ማሪት ሳቀች። «ካምቢዮውስ?» ብላ ጠየቀች፣ እያወቀች።

«በቃ አለቀልን!» አለች ኤምብላ።

ሲክስተን ግን ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነበር። ባለፈው መኸር ከሜልከር ጋር ሆነው የካምቢዮውን ዘይት ቀይረዋል። ከመኪናዋ ጋር የመጣው መጽሐፍ ዘይቱ ለዕድሜ ልክ ይበቃል ይላል። «የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አልጻፈም» ብሎ ሜልከር ያኔ የቀለደውን ሲክስተን አሁን ለማሪት ደገመላት። ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ማርሹን አንድ በአንድ እያዞሩ እንደሚለካም ነገራት። ያልነገራት፣ ያን ቀን ትኩሱ ዘይት በእጅጌው ገብቶ ወደ ብብቱ ሲወርድ ሲጮህ ሜልከር እንባው እስኪፈስ መሳቁን፣ ሁለቱም ጥቁር በጥቁር ሆነው መሬት ላይ ተቀምጠው ቀዝቃዛ ቋሊማ መብላታቸውን ነው። ለሲክስተን ከዚያ ቀን የተሻለ ቀን የለውም።

«እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው» አለች ማሪት። አሁን አትስቅም። «አቀበቱ ላይ አትጥለኝም?»

«አትጥልሽም» አለ ሲክስተን።

ማሪት ይህን ለምን እንደጠየቀች ያውቃል። ሥራዋ ተራራው ላይ ተበታትነው ለብቻቸው የሚኖሩ ሽማግሌዎችን እየዞሩ ማየት ነው፤ መድኃኒት መስጠት፣ ቁስል መቀየር፣ ምድጃቸው መንደዱን ማየት። በኅዳር አንድ ምሽት ትንሿ መኪናዋ ከአቀበቱ ወደ ኋላ ተንሸራታ ገደል አፋፍ ላይ ጎድጓዳ ውስጥ ገባች። ስልክ አይሠራም። እንጨት የጫነ መኪና በአጋጣሚ አልፎ ባያያት ኖሮ እዚያው ቀርታ ነበር። ያን ምሽት ኤምብላ እየተንቀጠቀጠች ወደ ሲክስተን ቤት መጣች፤ እናቷ እስክትገኝ ደረጃው ላይ አብረው ተቀመጡ። በአንድ ክፍል ነው የሚማሩት፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ስታለቅስ ያያት ግን ያኔ ብቻ ነው። ስለዚህ ሜልከር መኪናዋን ሊሸጥ መሆኑን ሲሰማ፣ ሮጦ ለኤምብላ የነገራት ራሱ ሲክስተን ነበር። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ከእሷ የተሻለ የተያዘች የለችም አላት። ከልቡ ነበር።

ማሪትና ሜልከር ተጨባበጡ። ቅዳሜ ጠዋት መጥታ ስሙን በስልክ ያዛውራሉ፣ መኪናዋን ይዛ ትሄዳለች። ሜልከር ያን ቀን ስለ መኪናዋ አንዲት ቃል እንኳ እንዳልተናገረ ሲክስተን ልብ ያለው ኋላ ነው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። እናታቸው ሱቅ፣ ሜልከር እንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ። ሲክስተን መኪናዋን ሊያጥባት ባልዲ አወጣ። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና ቁልፉን ከማንጠልጠያው አነሳ። ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ሊነዳት ብሎ ነው። በረዶ ሆኖ የጠጠረ ሐይቅ ላይ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ የመንደሩ ልጅ ሁሉ መሪ የጨበጠው እዚያ ነው።

የመጋቢት ፀሐይ በረዶው ላይ ዓይን ታጠፋለች። ሲክስተን ከግቢው ቁልቁል ወርዶ ሐይቁ ላይ ወጣ፣ እንደ ልማዱ መሪውን ጠምዝዞ ነዳጅ ረገጠ። ድሮ እንዲህ ሲያደርግ የኋላዋ ከኋላ ገፋ ያደርገውና እየጨፈረች ትዞርለት ነበር። ዛሬ አፍንጫዋን ይዛ ቀጥ ብላ ሄደች። እንደገና ሞከረ። ያው ነው። ምናልባት እኔ ረስቼው ይሆናል አለ በልቡ፤ ከየካቲት ወዲህ አልነዳትም።

ሲመለስ ከሐይቁ ወደ ግቢ የሚያወጣው ዳገት ላይ ተያዘ። ይቺ ዳገት! መኪናዋ በጥር እስከ ጉልበት በሚደርስ በረዶ፣ ሁለት ሰው ከኋላ ጭና፣ እየሳቀች የምትወጣት ዳገት! ጎማው ሲጮህ ሰማ፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ወርዶ አየ። የፊት ጎማዎች በረዶውን ቆፍረው ጥቁሩን መሬት አውጥተዋል። የኋላዎቹ ሥር ያለው በረዶ ግን ማንም እንዳልነካው ነው። አንዴ እንኳ አልዞሩም።

መጀመሪያ ቀላሉን ነው የምታየው፤ ይህን ያስተማረው ሜልከር ነው። ሲክስተን የፊውዝ ሳጥኑን ከፈተ። ለማያያዣው ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ፊውዝ ቦታ ባዶ ነበር። በአዲሶቹ መኪኖች ቢሆን መብራት በርቶ ያጋልጥ ነበር፤ ይቺ ግን የድሮ ናት፣ ሲያወጡባት ዝም ትላለች። ፊውዙን ለመፈለግም አልደከመም፤ የሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ከሳንቲም ጋር ተጥሏል። ሰማያዊ፣ ደህና ፊውዝ። አልተቃጠለም። ያወጣው ሰው ነው።

ቦታው መለሰው። መኪናዋ ዳገቱን እንደ ድሮዋ ወጣች፣ ሲክስተንም «እሰይ!» አለ ጮክ ብሎ። ደስታው እስከ ግቢው ድረስ ብቻ ነበር። ፀሐይ በረዶውን ጠርጋ ያደረቀችው አስፋልት ላይ ሲደርስ ለማቆም መሪውን እስከ ጥግ ጠመዘዘ። ከሥሩ ግርርር የሚል ድምፅ ተነሳ፣ መኪናዋ ሁለመናዋ ተንቀጠቀጠ፣ የኋላዋ እየተንገጫገጨ ዘለለ። ቀጥ ሲያደርግ ተወው። ሲጠመዝዝ መልሶ ያዘው። ወርዶ ከሥር አጎንብሶ አሸተተ። የተቃጠለ ዘይት ይሸታል።

ሲክስተን አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ። እነዚያ ስስ ሳህኖች አልቆላቸዋል። ፊውዙ ሲወጣ ሁሉም ዝም ይላል፤ መኪናዋም ሁለት ጎማ ብቻ ይኖራታል። ማሪትን አትጥልሽም ብሏት ነበር። በአፉ።

ሜልከር ሲመጣ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ ነበረበት። የመኪናዋን ሥፍራ መቀየር አይቶ ሲክስተን ወዳለበት ጋራዥ ገባ።

«ሐይቅ ሄደህ ነበር? ደግ አደረግህ፣ ተሰናበታት።»

«ፊውዙን ለምን አወጣኸው?»

ሜልከር ጃኬቱን ሊያወልቅ ጀምሮ ተወው። «የትኛውን?»

«ሙድ አትያዝብኝ፣ ሜልከር። ታውቀዋለህ።»

ሜልከር ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ነገረው። ሲክስተን በየካቲቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት አባታቸው ጋ በሄደበት ሳምንት፣ የበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ ውድድር ቦታ ተቀየረ። የመንደሩ ሰው ሁሉ በረዶው ላይ የሚጎተተውን የማጥመጃ ጎጆውን ከወዲያኛው ዳር ወደዚህኛው ማምጣት ፈለገ። በረዶ ላይ የሚነዳው ሞተር ሳይክል ያልቻለውን ጎጆ ሁሉ፣ ባለ ምድጃውን፣ ባለ አልጋውን፣ ሜልከር በዚህች መኪና ጎተተው። ሰው ዳር ቆሞ አጨበጨበለት። ማታ ሲመለስ መኪናዋ ትጮህ ጀመር።

«በየትኞቹ ጎማዎች ነው የጎተትከው?» አለ ሲክስተን።

ሜልከር ከፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኙን አራገፈ።

«ፊት አዲስ፣ ኋላ አሮጌ ነበር። አይደል? በጥር የፊቱ ሲቀደድ ሁለት ብቻ ስትገዛ ምን አልኩህ? ወይ አራቱንም፣ ወይ ምንም አልኩህ! አንተ 'አታካብድ፣ ጎማ ጎማ ነው' አልከኝ። ከዚያ ለሽያጩ አራት እኩል ጎማ ፈልገህ ስታስገባ እኔ ፋራው ደግሞ... የሰማኸኝ መስሎኝ ነበር።» ድምፁ ሊሰበር ሆነ። «ደስ ብሎኝ ነበር እኮ!»

«ጥገናው ከራሷ ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል፣ ሲክስ። ከየት ላምጣ?»

«ስለዚህ ማሪትን ዋሸሃት።»

«እኔ?» ሜልከር ቀና አለ። «እኔ ምን አልኳት? አንዲት ቃል ተናግሬያለሁ? የተናገርከው አንተ ነህ። ደግሞም የተናገርከው በሙሉ እውነት ነው። ጎማው እኩል ነው? እኩል ነው። የካምቢዮው ዘይት ተቀይሯል? ተቀይሯል። ታዲያ ውሸቱ የታለ?»

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል፤ ሲክስተንንም ወንድሙ እንደዚያው ነው የወሰደው። ተዪው ይናገር እንጂ። ከእኔ በላይ የሚያውቃት እሱ ነው። ያ ሙገሳ ለዚህ ኖሯል! ማሪት ሜልከርን ብቻውን ብታገኘው ኖሮ ሌላ ሰው ይዛ መጥታ መኪናዋን ታስፈትሽ ነበር። ያመነችው ሲክስተንን ነው።

«ስማኝ» አለ ሜልከር፣ ድምፁን አለስልሶ። «በረዶው ሊያልቅ ነው። እስከሚቀጥለው በረዶ ድረስ በደረቅ መንገድ ነው የምትነዳው። የዚያን ጊዜ ታሠራታለች፣ መንግሥት ነው የሚቀጥራት፣ አታጣም። እኔ ትሮንድሃይም ሥራው እየጠበቀኝ ነው። ያለዚህ ገንዘብ ኖርዌይ በእግሬ ነው የምገባው? አንተስ፣ ትምህርት ሲዘጋ እወስድሃለሁ አላልኩህም? ጀልባ ላይ ልናድር አልተባባልንም?»

«ኤምብላ እናት የላትም እንዴ? ማለቴ... ሌላ እናት የላትም እኮ!» አለ ሲክስተን። የሚፈልገው እንዲህ ማለት አልነበረም፣ ግን የወጣለት ያው ነው።

«አቦ አታካብድ!» ሜልከር ተነሳ። መኪናዋ ጋ ሄዶ ሳጥኑን ከፈተ፣ ፊውዙን ነቀለ፣ ጃኬቱ ደረት ኪስ ውስጥ ከትቶ ዚፑን ሳበው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ዝም በል ብቻ። ዋሽ አላልኩህም። ዝም በል ነው ያልኩህ፤ እሱ ደግሞ ምንም አይከብድም።»

ማታ ኤምብላ ፎቶ ላከችለት። ከቀይ መጋረጃ ቆርጣ ትልቅ ሪባን ሠርታለች፣ ለመኪናዋ አፍንጫ። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «እማ ከኅዳር ወዲህ ዛሬ ገና ደህና እንቅልፍ ወሰዳት። ያንተ ሥራ ነው ይሄ፣ ኢንጂነሩ።»

ሲክስተን ረጅም ነገር ጻፈ፣ አጠፋው። እንደገና ጻፈ፣ አጠፋው። በመጨረሻ የልብ ምልክት ላከላት። ወዲያው ራሱን ጠላ።

አርብ ትምህርት ቤት ውስጥ ሊነግራት ብሎ ምሳ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። የቀረፋ ዳቦዋን ለሁለት ገምሳ ትልቁን ሰጠችው። በላው። ሳይነግራት ደወሉ ተደወለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜልከር እየዘፈነ ሲታጠብ፣ ሲክስተን ጋራዥ ወርዶ የመሣሪያውን መሳቢያ ከፈተ። ፊውዝ ውድ ዕቃ አይደለም፤ መሳቢያው ውስጥ በየቀለሙ ሞልቷል። አንድ ሰማያዊ መረጠ። መኪናዋ ውስጥ ባዶው ቦታ ላይ ሲያስገባው ቀጭ አለ። አሁን እኔ አልናገርም፣ መኪናዋ ራሷ ትናገር አለ በልቡ። ወንድሙንም አያሳጣም፣ ማሪትንም አያታልልም። የተገላገለ መሰለው። ይህ ለሁሉም የሚበጅ ዘዴ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ።

ማሪትና ኤምብላ በእግራቸው መጡ፤ ሲመለሱ ነድተው ነዋ። ኤምብላ ሪባኑን በሁለት እጇ ታቅፋዋለች። ማሪት ፀጉሯን ተሠርታለች፤ የመኪና ቀን አይደለ! ሜልከር ለሁሉም ቡና ቀዳ፣ ቀለደ፣ ስልኩን አወጣ።

«ስሙን ከማዛወራችን በፊት» አላት፣ «እስቲ ግቢውን አንዴ ዙሪባት። መሪዋን ልመጂው፣ መውጫው ጠባብ ነው።»

ሲክስተን ራሱ እንዴት ብሎ ሊያስዞራት እንደሆነ ሲያስብ ነበር ያደረው። ሜልከር ግን በራሱ አፍ ጋበዛት፤ ፊውዙ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ምን ያስፈራዋል!

ማሪት ተቀመጠች፣ መስተዋቱን አስተካከለች፣ መሪውን እስከ ጥግ ጠመዘዘች። መኪናዋ ሁለት ክንድ ያህል ሄደች። ግርርር። ከዚያ ተንቀጠቀጠች፣ የኋላዋ ዘለል አለ። ማሪት ፍሬን ያዘች። መስኮቱ ወረደ።

«ምንድን ነው እሱ?»

የሜልከር እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ዚፑን ዳበሰ። ፊውዙ እዚያው አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ ሲክስተንን አየው። እንዲያ ዓይነት አስተያየት ሲክስተን ከወንድሙ አይቶ አያውቅም።

ግን ሜልከር ሜልከር ነው። ሳቁ ወዲያው ተመለሰ። «እሱ ነው ያስደነገጠሽ? እነዚህ ትልልቆቹ በብርድ ሲነሱ ያጉረመርማሉ፤ የሽማግሌ ጉልበት በያቸው። ሲሞቁ ይተዋቸዋል። አይደል ሲክስ?»

ማሪት በመስኮቱ ወደ ሲክስተን ዞረች። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም። እሱ አዎ ካለ አዎ ነው። ኤምብላም ሪባኑን እንደታቀፈች አየችው።

እና ዘዴው አልሠራም። መኪናዋ ተናገረች፣ ግን ቋንቋዋን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሊሸሸው የፈለገው ቃል ዞሮ አፉ ላይ ደረሰ። ሜልከር ፈገግ እንዳለ ነው፣ ዓይኑ ግን ይለምናል። ጀልባው፣ ትሮንድሃይም፣ ዘይት የጠጣው እጅጌ፣ ሁሉም ዓይኑ ውስጥ ነበር።

«አይደለም» አለ ሲክስተን።

«ምን አልከኝ?» አለች ማሪት።

«አይደለም። ሲሞቅም አይተዋትም። ማያያዣው ተቃጥሏል። ፊውዙ ወጥቶ ስለነበር ነው ያልሰማሽው። ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ መልሼ ያስገባሁት። ያለ ፊውዙ ሁለት ጎማ ብቻ ነው ያላት፤ አቀበቱ ላይ... አቀበቱ ላይ ትጥልሻለች።»

ማሪት ሞተሩን አጠፋች። ወርዳ በሩን ዘጋች፣ በቀስታ። ሜልከርን አየችው፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ቁልፉን ለባለቤቱ አልሰጠችም፣ ሲክስተን እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለች ኤምብላ።

«እዚህ መጥታችሁ ስንነጋገር አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው! በፈለግሽው ልማልልሽ...»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ ስንት ሰዓት?»

«ከሰዓት።»

ኤምብላ አሰበች። ስታሰላ ያያታል። «ማታ ጻፍኩልህ እኮ። ልብ ላክልኝ።»

«አዎ።»

«ትናንት ዳቦዬን በላህ።»

ሲክስተን አንገቱን ደፋ። ልትሰድበው፣ ልትጮህበት ጠበቀ። ኤምብላ ግን ሪባኑን አጣጥፋ አጣጥፋ ትንሽ አደረገችውና ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «እማ፣ እንሂድ» አለች። በዚያ በመጡበት መንገድ፣ በግራና በቀኝ በተከመረው በረዶ መሀል፣ በእግራቸው ሄዱ። ማሪት አንዴ ዞራ እጇን አነሳችለት። ኤምብላ አልዞረችም። ረጅም መንገድ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፤ እስኪጠፉ ድረስ ታዩት።

ሜልከር ያኔ ነው ድምፁ የተሰማው። አልጮኸም።

«ጉድ ሠራኸኝ» አለ። «የገዛ ወንድሜ። ባፍህ ብትነግራት እንኳ ሰው ሆነህ ነበር፤ እንደ አይጥ ጋራዥ ገብተህ ፊውዝ ትሰካብኛለህ? አንድ ነገር ልንገርህ፤ እሷም አታምንህም ከእንግዲህ። እኔም አላምንህም። አተረፍክ?»

ሲክስተን አላተረፈም። ያውቀዋል። ሜልከር ስለ ፊውዙ ያለውም ልክ መሆኑ ነው ይበልጥ ያንገበገበው።

ሜልከር ደረጃውን ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ፣ ሳይዞር ተናገረ። «ነገ ከኤስተርሹንድ ከተማ አንድ ሰውዬ ይመጣል። ቀድሞም ጠይቆኝ ነበር። የማታውቀው ሰው ነው፣ የማንም እናት አይደለም። መኪናዋን ቦታዋ መልሳትና ፊውዙን አውጥተህ ከቁልፉ ጋር አምጣልኝ።» በሩ ተዘጋ።

ሲክስተን መኪናዋ ውስጥ ገባ። ወንበሩ ገና የማሪትን ሙቀት ይዟል። ግቢው መሀል አግድም ቆማለችና ወደ ቦታዋ ለመመለስ መሪውን እስከ ጥግ መጠምዘዝ ነበረበት፤ መንገዱን ሁሉ እየጮኸች፣ እየተንቀጠቀጠች ሄደችለት። ግንቡ ጥግ አቆማት። ፍሬኑን ይዞ ሙሉ በሙሉ እስክትቆም ጠበቀ፣ ከዚያ ነው ማርሹን የመለሰው፤ ካምቢዮ እንዲህ ነው የሚያዘው። የፊውዝ ሳጥኑን ከፈተ። ሰማያዊው ፊውዝ ቦታው ላይ ነው። ጣቱን አስጠግቶ ቆየ። ኤስተርሹንድ ያለው ሰውዬ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አያውቅም። ምናልባት ክፉ ሰው ነው። ምናልባት እሱም የሚወጣው አቀበት አለ።

ሳጥኑን ዘጋው።

ቤት ሲገባ ሜልከር ወጥ ቤት ተቀምጧል፤ የቀዳው ቡና ሳይነካ ቀዝቅዟል። ሲክስተን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረለት።

«ፊውዙስ?» አለ ሜልከር።

«ቦታው ላይ ነው።»

«ሲክስ...»

«ብታወጣውም መሳቢያው ውስጥ ሞልቷል። ባይኖርም በአፌ እነግረዋለሁ፤ እንደሱ ይሻላል ብለህ የለ? ነገ ሰውዬው ሲመጣ እኔም እዚሁ ነኝ።»

ሲክስተን ጫማውን መልሶ አጠለቀ፤ ማታ ብርዱ ይከፋል ተብሏልና የሞተር ማሞቂያውን ገመድ ለመኪናዋ ሊሰካላት ወጣ።